አሹቅና ዕርድ አልባ

ዳማ ሥጋ አርግዛ ዳገቱን ትወጣለች። በግራ ጎኗ በተንጠለጠለው ቀይ ጋን ውስጥ፣ ከሞተች ብዙ ዘመን ካለፋት ጊደር የተወሰደ ሕዋስ እየተባዛ አጥንትም ቆዳም የማያውቅ ሥጋ ይሆናል። በቀኝ ጎኗ አረንጓዴው ጋን አለ፤ እዚያ ውስጥ ባቄላና ግብጦ ተብላልተው እንደ አይብ ይረጋሉ። አራቱም እግሮቿ ብረት ናቸው። የሠራት ድርጅት ያወጣላት ስም የቁጥርና የፊደል ጋጋታ ነበር። የባሌ ተራራ መንገድ መሪዎች ግን ሸክም ተሸክሞ ዳገት የሚወጣን ነገር በቅሎ ከማለት ሌላ ምን ይበሉት? በመልኳ ዳማ አሏት፣ ዳማ ሆና ቀረች።

"ሥጋው ለምሳ ይደርሳል" አለች ዳማ። "ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።"

"አትቸኩይ፣ ቀስ ብለሽ አምጪ" አላት ሁንዴ ከኋላ።

ትርንጎ ሳቋን ዋጥ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። ሃምሳ ዓመት የሞላት መንገድ መሪ ናት፤ ሁንዴ ደግሞ እሷ አሠልጥና ያወጣችው ጎረምሳ፣ አሁን ግን በራሱ የቆመ ባልደረባዋ ነው። በመንገድ መሪዎቹ ቋንቋ ከቀዩ ጋን የሚወጣው ዕርድ አልባ ይባላል፤ ቢላዋ ያልነካው ሥጋ ማለት ነው። ከአረንጓዴው የሚወጣውን አሹቅ ይሉታል፤ ከድሮው አሹቅ ጋር የሚያገናኘው ባቄላነቱ ብቻ ቢሆንም።

በዚህ ጉዞ የሚለካው የሁለቱ ምግቦች አቅም ነበር። የከፍታ ጉዞ ደህንነት ቢሮ የሚባል መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣ ሰው ሁሉ የግድ ሥጋ እንዲበላ የሚያዝ መመሪያ አርቅቆ ጨርሷል። ምክንያቱም ባለፈው ክረምት አሹቅ ብቻ የያዙ ተጓዦች አምባው ላይ ዝለው በበራሪ አምቡላንስ መውረዳቸው ነው። ትርንጎ ሰዎቹን ታውቃቸዋለች። ጉም ውስጥ መንገድ ጠፍቷቸው በዝናብ ሲበሰብሱ ያደሩ ናቸው፤ በሬ በልተው ቢያድሩም ይዝሉ ነበር። ቢሮው ግን ጉምን ማገድ ስለማይችል ባቄላን ሊያግድ ተነሳ።

ትርንጎ ጿሚ ናት። አብረዋት ከሚወጡት እንግዶችም ብዙዎቹ ጿሚዎች ናቸው። ዕርድ አልባ ቢላዋ አይንካው እንጂ ሥጋ ነው፤ ጾም ያስገድፋል። መመሪያው ከጸደቀ እሷ የዓመቱን ገሚስ ከተራራው ትባረራለች ማለት ነው። ከዚህ ተራራ ሌላ ደግሞ የምትወደው ቦታ የላትም፤ ከተማ ስትወርድ ራሷን ያማታል፣ ሰው ያስጠላታል። ስለዚህ ቢሮውን ደጅ ጠንታ፣ ተጨቃጭቃ፣ አንዳንዴም ተሳድባ ይህን ሙከራ አስፈቀደች። ቢሮው ጉዳዩ ውስጥ ሃይማኖት እንዳይገባበት ብሎ ጾም የሌለበትን ወር መረጠ።

ውሉ ቀላል ነው። እሷ አሹቅ ብቻ ትበላለች፣ ሁንዴ ዕርድ አልባ ብቻ። ሙከራውን የሚመራው የቢሮው ሳይንቲስት ዶክተር ይድነቃቸው ከሁለቱም እኩል እኩል ይበላል። ሲነሱ ሦስቱም ውስጠ ዓይን ውጠዋል፤ ውስጠ ዓይን የምስር ፍሬ የምታህል፣ ሆድ ውስጥ ተቀምጣ የተበላውን ሁሉ ለዳማ የምትነግር መሣሪያ ናት። ሁንዴ አሳባቂ ይላታል።

ምሳ ሲደርስ ዳማ ከጅብራ ዛፎቹ ሥር ተንበረከከች። ሆዷ ተከፈተና ሦስት ሳህን፣ በየሳህኑም ላይ ትኩስ ቂጣ ወጣ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አላት ሁንዴ።

"አልገባኝም" አለች ዳማ።

"ተይው፣ ለራሱም አልገባው" አለች ትርንጎ።

ዶክተር ይድነቃቸው በጉዞው መጀመሪያ ላይ ሳህኑን ይዞ ራቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ትርንጎ አንድ ጊዜ አየችው፣ ሁለት ጊዜ አየችው፣ በሦስተኛው አልቻለችም። "ኧረ ጠጋ ይበሉ ዶክተር፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" አለችው። ጠጋ አለ። ከዚያ ወዲህ እሷ አንተ ስትለው፣ እሱ እትዬ ይላታል። ዛሬም ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው፣ እየተጫወቱ በሉ።

በማግስቱ አምባው መሐል ሲደርሱ ዳማ ድንገት ቆመች።

"ስህተት አለ" አለች። "ትርንጎ ሆድ ውስጥ ጊደር አለች። ሁንዴ ሆድ ውስጥ ባቄላ አለ። የሦስታችሁም ሆድ አንድ ዓይነት ሆኗል።"

የትርንጎ ልብ ድንግጥ አለ። ይህን ሙከራ ለማግኘት ስንት በር አንኳኩታለች። "ምን አልሽ አንቺ?"

"ትርንጎ፣ ከሌላ ሰው ድርሻ በልተሻል?"

"ማርያምን አልበላሁም።"

"ሁንዴ፣ ሌላ ሰው ሳህን ውስጥ እጅህን አስገብተሃል?"

ሁንዴ ተቆጣ። "ሰው ሳህን ውስጥ? እኔ እኮ አሳዳጊ የበደለኝ አይደለሁም።"

"ዶክተር ይድነቃቸው?"

"ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለ ዶክተሩ። "እኔ ነኝ የማፈርሰው?"

ዳማ የሦስቱንም መዝገብ ደግማ ፈተሸች። "ሦስታችሁም የምትናገሩት እውነት ነው፤ የልብ ምታችሁ አልተዛባም። እንግዲያው የተበላሸሁት እኔ ነኝ" አለች።

ዶክተሩ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብሎ ዳማ በዓይኗ የቀረጸችውን የትናንቱን ምሳ ጎኗ ላይ ባለው መስታወት ከፈተው። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ። መስታወቱ ውስጥ ትርንጎ ስለ ቀይ ቀበሮ ታወራለች። እያወራች አሹቁን በቂጣ ጠቀለለችና ሁንዴ አፍ ውስጥ ከተተችው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመችው። ሁንዴ እያላመጠ ከራሱ ሥጋ ጠቀለለና ለእሷ መለሰላት። ከዚያ የዶክተሩ ተራ ደረሰ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ዶክተር ይድነቃቸው ንጹሕ ሙከራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሰፊው እያብራራ፣ በቀኝ እጁ ትልቅ ጉርሻ አዘጋጅቶ ትርንጎን አጎረሳት።

ሁንዴ አፉን በመዳፉ ጠረገ።

"ይሄ እኮ መብላት አይደለም" አለ። "እሷ ናት ያጎረሰችኝ።"

"ምግቡ ሆድህ ገብቷል" አለች ዳማ።

"ይግባ። ጉርሻ አልፈልግም ልበላት እንዴ? ምን አድርጋኝ?"

ዶክተሩ ፊቱ ቀላ። በሙያው ስሙ የተጠራ ሰው ነው፤ የሙከራን ሕግ ለሌሎች የሚያስተምር። እጁን ግን አሳዳጊው ነበር ያስተማረው። "ቢሮው ሊያውቅ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ዳማ ስህተት ስታገኝ ወዲያው ታሳውቃለች።"

እውነቱን ነበር። ብዙም ሳይቆይ የቢሮው ዳይሬክተር አቶ ደርበው መስታወቱ ላይ ብቅ አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሰው ሲያስከፉም ድምፃቸው አይጮህም።

"የሆነውን አየሁ" አሉ። "ሙከራው ተበላሽቷል። ዳማ ኮርቻ ሥር ሦስት የግል ማዕድ ጠባቂ ተቀምጧል። አፍ ላይ ይጠለቃል፤ የባለቤቱን ድርሻ ሲያሸት ይከፈታል፣ የሌላውን ሲያሸት ይዘጋል። ከአሁን ጀምሮ እሱን አጥልቃችሁ ትቀጥላላችሁ። እምቢ ካላችሁ መመሪያው እንዳለ ይጸድቃል።"

ሁንዴ ከኮርቻው ሥር አንዱን መዝዞ አገላበጠው። ጎማና ሽቦ ነው፤ በማንገቻ ከማጅራት ጋር ይታሰራል።

"ይሄ ልጓም ነው" አለ።

ትርንጎ ተቀብላው አየችው። ንዴት ከእግሯ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማት። "አቶ ደርበው" አለች፣ "ልጓም ለበቅሎ ነው። እዚህ ያለችውም በቅሎ አላጠለቀችም።"

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይህ ሳይንስ ነው።"

"ሳይንስ ከሆነ ሰውን ይለካ። አፉን ለጉሞ ብቻውን እየበላ ይህን ተራራ የሚወጣ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። የሌለ ሰው ለክታችሁ ያለውን ሰው ልታግዱ ነው? እኔ አላጠልቅም።"

አቶ ደርበው መነጽራቸውን አስተካከሉ። "እንግዲያው ዳማ ሁለቱንም ጋን ትቆልፋለች። ሕጉ የጉዞ መሪን በባዶ ሆድ መተው ስለማይፈቅድላት፣ በየማዕዱ ለጉዞ መሪዋ ለእርስዎ ብቻ የአንድ ሰው ድርሻ አሹቅ ትከፍታለች። ሌሎቹ ጠባቂውን ሲያጠልቁ የየራሳቸውን ያገኛሉ። ያስቡበት።"

መስታወቱ ጠፋ። ዘዴው ለሁሉም ገብቷቸዋል። ትርንጎ ድርሻዋን ብቻዋን ከበላች ቢሮው የፈለገውን ንጹሕ ሙከራ ያገኛል፤ ሁለቱ ደግሞ ሲርባቸው ወደ ልጓሙ ይመጣሉ። ወደ ኋላ እንመለስ እንዳይሉ፣ የቱሉ ዲምቱን ከፍታ ተሻግሮ ሐረና ጫካ አፋፍ ላይ ያለችው ሪራ መንደር ከመጡበት ትቀርባለች።

"ቢሮው ለአንተ ቀጣሪህ ነው" አለችው ትርንጎ ለዶክተሩ። "አጥልቅና ብላ። አልቀየምህም፣ የምሬን ነው።"

ዶክተር ይድነቃቸው ልጓሙን ተቀበለ። ውስጡን አየው፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ከዚያ ኮርቻው ሥር መልሶ ወሸቀው። "ይጠባል" አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ረሃብ ነው፤ ማሳመር አያስፈልገውም። ዳማ በየማዕዱ አንድ ሳህን ታወጣለች፣ ሦስት ሰው ይከበዋል፣ ሳህኑ ባዶ ሊሆን ጊዜ አይፈጅበትም። ቱሉ ዲምቱ ላይ ነፋሱ ልብስ አልፎ አጥንት ይነካል፤ እንዲህ ያለ ብርድ ደግሞ ሆድን ቶሎ ያጎድላል። ዳማ ከኋላቸው እየሄደች ታስጠነቅቃለች። ሁንዴ ጉልበትህ ቀንሷል ትላለች። ዶክተር ይድነቃቸው እጅህ እየቀዘቀዘ ነው ትላለች።

"ጠየቅኩሽ?" ይላታል ሁንዴ።

ቁልቁለቱ ላይ የሁንዴ እግር ከዳውና ድንጋይ ላይ ወደቀ። አልተጎዳም፤ ለመነሳት ግን ድንጋዩን መደገፍ ነበረበት። ትርንጎ ሻንጣውን ነጥቃ ራሷ ላይ ጨመረችው። ያኔ ፍርሃት ገባት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ የሰው ልጅ ልገድል ነው? መመሪያው የራሴ ጣጣ ነው፤ እነዚህ ምን አጠፉ? እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ስትጣላ ቆየችና ወደ ሁንዴ ዞረች።

"ልጓሙን አጥልቅ" አለችው። "አንተ እንኳ ብላ። እኔ ነኝ ያልኩህ፣ በእኔ ይሁን።"

ሁንዴ ወገቡን ይዞ አያት። "እትዬ፣ ደከመሽ መሰለኝ። ቀልድ ጀመርሽ።"

"ሁንዴ፣ እየቀለድኩ አይደለም።"

"እንግዲያው እኔን ትተሽ ዶክተሩን ለምኚው። እሱ የተማረ ነው፣ ይሰማሻል።"

ዶክተሩ ከንፈሩ ደርቆ መሳቅ ከብዶት ነበር፤ ቢሆንም ሳቀ። ወደ ሪራ ወረዱ።

የመንደሩ ሰዎች የጫካ ማርና ትኩስ ቂጣ አቅርበውላቸው፣ ሦስቱም ያለ ኀፍረት በልተው ሲያበቁ የዳማ መስታወት በራ። አቶ ደርበው ፈገግ ብለው ነበር።

"እንኳን ደስ ያለዎት ወይዘሮ ትርንጎ" አሉ። "ዳማ የላከችውን ውጤት አይቼዋለሁ። ሦስት ሰው በአንድ ሰው ድርሻ አሹቅ ቱሉ ዲምቱን ተሻግሯል። መድከማችሁን ብርዱና ዳገቱ ያመጣው ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ጥንካሬያችሁ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ነገር ግን በየማዕዱ ሳህኑ ላይ ትርፍ ተመዝግቧል። አንድም ጊዜ አልጨረሳችሁትም። የራበው ሰው ምግብ አያስተርፍም፤ ስለዚህ በቅቷችኋል ማለት ነው። አሹቅ ይፈቀዳል። እንዲያውም የአንድ ሰው ድርሻ ለሦስት ሰው ይበቃል ተብሎ መመሪያው ይሻሻላል።"

ትርንጎ ሁንዴን አየችው። ሁንዴ ዓይኑን ወደ ጫካው አዞረ። ዶክተሩ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ግን ታስሮ ነበር።

ትርፉ አንድ ጉርሻ ነበረች። ሳህኑ ሊያልቅ ሲል አንዲት ጉርሻ ትቀራለች፤ ብላት ይባባላሉ፣ እኔ ጠግቤያለሁ ይባባላሉ፣ ጠግቤያለሁ ያለው ሁሉ ይዋሻል። ማንም አይነካትም። ዳማ ሳህኑን ወደ ሆዷ ትመልሳለች።

ተራራው በእጇ ገብቷል። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ ለዚያ ቃል መናገር እንኳ አያስፈልግም። ከዚያ በመጪው ጾም አምባው ላይ የሚወጡት እንግዶች ታዩዋት። ሲሶ ድርሻ ተሸክመው፣ በቢሮ ማኅተም ተፈቅዶላቸው፣ ጉም ውስጥ ሲገቡ ታዩዋት።

"አይጻፍ" አለች።

"ምን አሉ?"

"ርቦን ነበር። ይህ ልጅ ጉልበቱ ተብረክርኮ ወድቋል፤ እኔ ራሴ ዓይኔ ሲጨልም ነበር። ሲሶ ድርሻ በልተን በሕይወት የወረድነው መንገዱን ስለምናውቀው ነው። የአንድ ሰው ድርሻ ለአንድ ሰው ነው።"

"ትርፍ ነበር እኮ ወይዘሮ ትርንጎ። መሣሪያው አይዋሽም።"

"አልዋሸችም። የራበው ሰው አያስተርፍም ያሉት ግን እርስዎ ነዎት። ያስተርፋል።"

አቶ ደርበው ፈገግታቸው ጠፋ። "ይህን ካሉ ሙከራው ውድቅ ነው። ያ ከሆነ እገዳው እንደሚጸድቅ ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ። ያጽድቁት። እኔ ግን ጾሙ ሲገባ አሹቄን በሙሉ ድርሻ አስጭኜ፣ እንግዶቼን ይዤ እወጣለሁ። ፈቃዴን መንጠቅ ይችላሉ። እግሬ ግን ከቢሮው አልተሰጠኝም።"

ዶክተር ይድነቃቸው ከጫማው ቀና አለ። "አቶ ደርበው፣ ዛሬ ምሳ በልተዋል?"

"አዎ፣ ከባልደረቦቼ ጋር። ለምን ጠየቅክ?"

"ትሪው ላይ ምን ቀረ?"

አቶ ደርበው ዓይናቸው ከመስታወቱ ወጥቶ ወደ ጎን ሄደ። "አንዲት ቁራጭ" አሉ።

"ማን ነው የተዋት?"

"ማንም አይደለም። ሁላችንም።"

"ጠግባችሁ ነበር?"

ዳማ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ልትፈትሽ ጀምራ ነበር።

"ሌሎቹን እንጃ" አሉ አቶ ደርበው። "እኔ አልጠገብኩም ነበር።"

መስታወቱ ጠፋ።

ጾሙ ሲገባ ከቢሮው እሺም እምቢም አልመጣም። ትርንጎ አልጠበቀችም። እንግዶቿን ሰብስባ፣ አረንጓዴውን ጋን አስሞልታ ወጣች። ሁንዴ ሳይጠራ መጣ፤ ዶክተር ይድነቃቸው ፈቃድ ወስጃለሁ ብሎ መጣ፣ መውሰዱን ግን ማንም አላጣራም። አምባው ላይ ምሳ ሊበሉ ሲሰናዱ ዳማ መልእክት ደርሶኛል አለች።

"ከምሳ በኋላ" አለቻት ትርንጎ።

"ከቢሮው ነው።"

"ከምሳ በኋላ አልኩሽ። መከልከል ከሆነ በልተን እንሰማዋለን።"

እንግዶቹ ከየሳህናቸው ተነስተው አንድ ሰፊ ሳህን ከበቡ። እጅ ከእጅ ተላለፈ፣ ሰው ከሰው ተጎራረሰ፤ ዳማም እንደ ልማዷ መዘገበች። በልተው ሲያበቁ መልእክቱን አነበበች። የምግቡ ምርጫ የተጓዡ ነው ይላል። የአንድ ሰው ድርሻ አይቀነስም ይላል። የግል ማዕድ ጠባቂ የተባለው መሣሪያ ከየበቅሎው ኮርቻ ሥር ይወገድ ይላል። በመጨረሻም ለበቅሎዎቹ ሁሉ የተላለፈ አንድ ትእዛዝ ነበረበት፤ ከማዕድ የምትቀረው የመጨረሻ ጉርሻ ከእንግዲህ ትርፍ ተብላ እንዳትመዘገብ ያዛል።

ሁንዴ እልል አለ። ትርንጎ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች፤ ሰው ፊት ማልቀስ አይሆንላትም።

ዳማ ግን ሥራዋ አላለቀም። ሰፊውን ሳህን ወደ ሆዷ ልትመልስ ስትል ቆመች። "አንድ ጉርሻ ቀርታለች" አለች። "ትርፍ እንዳልላት ታዝዣለሁ። ምን ብዬ ልመዝግባት ግን አልነገሩኝም።"

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጉርሻዋን ሁሉም ያያታል፣ ማንም እጁን አይዘረጋም።

ትርንጎ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ አብሳ ዞረች። "እዚህ ሰዎች በልተዋል ብለሽ መዝግቢ" አለቻት።